የአቶ ሽመክት ንስር

በአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ማስታወቂያ የምትሠራ፣ ለመልስ የማትሰንፍ ሴት ነበረች። አንድ ቀን የሕንፃው ባለቤት አቶ ሽመክት አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ገቡና የድርጅታቸውን አርማ በስልካቸው አሳዩዋት። ደብዳቤ ላይ ካረፈ ማኅተም በስልክ የተነሣች፣ ጥፍር የምታክል ንስር ናት።

«ነገ ምርቃት ነው። የሕንፃውን ፊት ሙሉ እንድትሸፍን አድርገሽ አትሚልኝ» አሏት።

ሴትዮዋ ምስሉን ኮምፒውተሯ ላይ ስታሰፋው ንስሯ ዝናብ የመታት ዶሮ መሰለች።

«ጌታዬ፣ ይቺ የነጥብ ክምር ናት፤ በተለጠጠች ቁጥር ትፈርሳለች። መስመሯን ተከትዬ በቬክተር እንደ አዲስ ልሥራት፤ ያኔ የፈለጉትን ያህል ብትተልቅ መልኳን አትለቅም።»

አቶ ሽመክት ቱግ አሉ። «እንደ አዲስ ብሎ ነገር ምንድን ነው? እኔን አታዪም? ትናንት ተራ ተላላኪ ነበርኩ፤ ማንም እንደ አዲስ ሳይሠራኝ፣ እንዲሁ እንዳለሁ ነው ያደግኩት! ዝም ብለሽ ለጥጫት፤ እምቢ ካልሽ ቤቴን ልቀቂ!»

አጃቢዎቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሴትዮዋም ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና፣

«እሱማ ይታያል፣ ጌታዬ። እኔም የፈራሁት ንስሯ እንደ እርስዎ እንዳትሆን ነው» አለች።