ቅቤ የጠጣው ገበቴ

ተረት ተረት!

የመሠረት!

መሠረቱ ይጽና። ጠጋ ጠጋ በሉ። ያ ሕፃን እሳቱን እንዳይረግጥ እቀፉልኝ።

በድሮ ዘመን፣ ከዓባይ ማዶ ቆላው ሲጀምር፣ ሰው በማይሰፍርበት ጠረፍ አንድ ወንዝ ነበረ። ወደዚያ ወንዝ ከባሕር ማዶ አንድ ስደተኛ መጣ። ፈረንጅ ስለሆነ ሰዉ ሙሴ አለው፤ ሙሴ ኮስታ። ሲመጣ አንዲት በቅሎና አንድ ዶማ ብቻ ነበረው። አሸዋውን በእጁ ዘገነና ወደ ፀሐይ አዙሮ አየው። ከዚያም እዚያው ቀረ።

ጉድጓድ ቆፈረ። ከወንዙ ራስ ቦይ አወጣና ውሃውን በኮረብታው ወገብ መራው። ቆፋሪ ቀጠረ፣ አጣቢ ቀጠረ። ጠረፉ መንደር ሆነ፣ መንደሩም ገበያ ቆመለት። የሀገሩን ሴት አገባና አስካለን ወለደ። ከቆፋሪዎቹ አንዱ ጉድጓድ ተንዶበት ሞተና ሙጪት የምትባል ልጅ ትቶ ሄደ። እናትም የላትም። ሙሴ እሷንም ወደ ቤቱ አስገባት።

ሁለቱ አብረው አደጉ። አስካለ ግን ቀናች። የባለቤት ልጅ በሙት ልጅ ምን ያስቀናታል ትሉኝ ይሆናል። ማለዳ ማለዳ ሙሴ ገበቴውን ይዞ ወርቅ ሊያጥብ ሲወርድ የሚያስከትለው ሙጪትን ነው። አስካለ እኔም ልከተል ስትል፣ ጠጉሯን ያይና እጇን ያሸትና፦

፦ አንቺ ቤት ግባ። ሙጪት ትምጣ።

ሌላ አይናገርም። የሰው ሀገር ቋንቋ ለማዘዝ እንጂ ለማስረዳት አልሞላለትም። አስካለም ኮረብታው ላይ ትወጣና ቁልቁል ታያቸዋለች። ጎንበስ ይላሉ፤ ገበቴው ይሽከረከራል፤ አንዳንዴም ይስቃሉ። ያ ሳቅ ሆዷ ይገባና አይወጣም። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እናቷ ጠጉሯን ሠርታ ቅቤ ስትቀባት እንኳ ሆዷ እንዳረረ ነው።

ዘመን ሄደና እናቲቱ ሞተች። ከዚያም ሙሴ ታመመ። ሽማግሌ አስጠርቶ ተናዘዘ። ጉድጓዱን፣ ቦዩን፣ በቅሎዎቹን፣ ቤቱን ለአስካለ። ለሙጪት ገበቴውን። ይህን ብሎ ዓይኑን ከደነ።

ሰው ሁሉ ለሙጪት አዘነ። አስካለ ግን ያን ሁሉ ሀብት ወርሳ ዓይኗ ገበቴው ላይ ቀረ። የእጁ ምልክት ያለው እሱ ላይ ነው። የሚወዳትን የእጁን ዕቃ አወረሳት፣ እኔን በጉድጓድ ሸኘኝ አለች። እህል አልወርድላት አለ። ሙጪት ከቦዩ በታች ጎጆ ቀልሳ አሸዋ ታጥባለች። አስካለ አንዳንዴ ውሃውን ልዝጋባት ትላለች፤ ሰው ምን ይለኛል ብላ ትተወዋለች። ቆፋሪዎቹም የሙሴ ዕድል ያለው ገበቴው ውስጥ ነው ሲሉ ሰማች። ይህን ከሰማች ወዲያ እንቅልፏም ሄደ።

አንድ አርብ ቀን ሙጪት ለቅሶ ልትደርስ ሄደች። አስካለ ከጎጆዋ ገባችና አሮጌውን ገበቴ አንሥታ አዲስ በቦታው አስቀመጠች። ለወጥሁ እንጂ መቼ ሰረቅሁ አለች፣ ለራሷ። ቤቷ ወስዳ ብታየው ደርቋል፤ ሊሰነጠቅ ነው። የባለሙያ ልጅ አይደለች? የእንጨት ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ ከእናቷ ተምራለች። ለጋ ቅቤ አቀለጠችና ጠጥቶ እስኪጠግብ ቀባችው። እየቀባች አለቀሰች። የአባቷን እጅ የያዘች መሰላት።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ቆፋሪዎቹ ሁሉ እያዩ፣ ወንዝ ወረደች። አሸዋ ዛቀች፣ ውሃ አስገባችና ከኮረብታው ላይ ስታይ እንደኖረችው አሽከረከረች። አሸዋው ሄደ። ጥቁሩ ደለል ቀረ። ከዚያም ወርቁ ታየ፤ እንደ ጤፍ እብቅ የደቀቀ። ደስ ሊላት ሲል ወርቁ ብድግ አለና ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ እያብረቀረቀ በገበቴው ከንፈር ወጥቶ ሄደ። ደግማ ዛቀች። ደግሞ ሄደ። አንዱ ቆፋሪ፣ እሜቴ ወርቁን ዋና አስተማሩት አለና ሌሎቹ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

አስካለ ፊቷ ነደደ። ገበቴውን ታቅፋ ወደ ሙጪት ጎጆ ሄደችና እግሯ ሥር ጣለችው።

፦ ያደረግሽበትን መተት ፍቺ። አባቴን ወሰድሽ፤ እሱ ይበቃሻል።

ሙጪት ገበቴው እንደተለወጠ ከትናንት ጀምሮ ታውቃለች፤ ዝም ብላ ነበር። አነሣችው። አሸተተችው።

፦ ቅቤ ቀባሽው እንዴ፣ እታለም?

፦ እንጨት አይደል? ታዲያ በምን ላለስልሰው?

፦ ቅቤ ካለበት ደቃቁ ወርቅ አይሰምጥም፤ ይንሳፈፋል። አባባ በአመድና በአሸዋ ነበር የሚፈትገው። ቅቤ የነካው እጅ ወንዙ ዘንድ አያደርስም ነበር።

አስካለ እጇን አየች። ከዚያም ጠጉሯን ዳሰሰች።

፦ ጠጉሬን ያይ የነበረው ለዚህ ነው?

፦ ለዚህ ነው። እኔንም ይወስደኝ የነበረው ጠጉሬን የሚቀባልኝ ሰው ስላልነበረ ነው።

  ከዚያም ሙጪት ቀስ ብላ ነገረቻት። ቅዳሜ ማታ እናትሽ ጉልበታቸው መሃል አስቀምጠው ሲሠሩሽ እኔ ከበሩ ውጭ እቆም ነበር፤ የቅቤው ሽታ እስኪጠፋ መግባት አያስችለኝም ነበር አለቻት።

 አስካለ አመድ ጠየቀች። ቅባቱ እስኪለቅ፣ ክንዷ እስኪዝል፣ ገበቴውን ራሷ ፈተገችው። ለሙጪት ሰጠቻትና ሄደች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልሳ መጣች። በእጇ ቅል ይዛለች፤ ቅሉ ውስጥ ለጋ ቅቤ አለ። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

፦ ነይ፣ እዚህ ጉልበቴ ሥር ተቀመጪ።

፦ ተቀብቼ ወንዙስ?

፦ ነገ እሑድ ነው።

ሙጪት ተቀመጠች።

ሙሴ ኮስታ ያወጣው ቦይ ዛሬም ይፈሳል ይባላል። በዚያ ጠረፍ ወርቅ የሚያጥቡ ሴቶች ቅዳሜ ማታ ይቀባባሉ፤ ሰኞ ማለዳ በእንዶድ ታጥበው ወንዝ ይወርዳሉ። ቅናት ግን ባንድ ቀን አይለቅም። አስካለ ሙጪትን ስትሠራት አንዳንዴ ሹሩባውን ጠበቅ አድርጋ ትስብ ነበር። ሙጪትም፣ ቀስ በይ እታለም፣ ትላለች እንጂ አትነሣም።

በሉ እንግዲህ፣ ተረቴን ተቀበሉኝ፣ ዳቦውን አቀብሉኝ። ቅቤም አትቆጥቡበት፤ እኔ ነገ ወንዝ አልወርድም።