ስድብ የተከለከለበት ጉድጓድ

በዚያ ቆላ ሕግ የሚጻፈው በጥርስ ስለነበረ ማንበብ የማይችል አልነበረም። አንበሳ ይገዛል፣ ጅብ ያማክራል፣ የቀረው ይሠራል። በበጋ ወንዙ ሲደርቅ ውሃው ከአሸዋው ሥር ይደበቃል፤ ሠራተኞቹም ቆፍረው ያወጡታል። ሲወጣ መጀመሪያ አንበሳ ይጠጣል፣ ቀጥሎ ጅብ፣ የተረፈው ጭቃ ለቆፋሪዎቹ ነው። ጉድጓዱን የሚመለከት አንድ ሕግም ነበረ፦ አንበሳ ሲመጣ አይቶ ያመለጠ፣ አመለጠ፤ አንገቱን ቀብሮ የተገኘ የንጉሥ ራት ነው። ሕጉ ፍትሐዊ ነው ይባል ነበር። እንዲህ የሚሉት ቆፍረው የማያውቁ ናቸው።

ፊቱን አሸዋ ውስጥ የቀበረ ዙሪያውን ሊያይ አይችልም። ስለዚህ ቆፋሪዎች አንድ ልማድ አበጁ። ለእያንዳንዱ ቆፋሪ አንድ ጠባቂ ዛፍ ወይም ጉብታ ላይ ይወጣል፤ ወጥቶም ቆፋሪውን ሲሰድበው ይውላል። ስድቡ እስከተሰማ ድረስ አገር ሰላም ነው። ቀጥ ካለ ግን ጠባቂው አንድ ነገር አይቷልና ቆፋሪው ነቅሎ ይሮጣል። ለምን ስድብ ሆነ ቢሉ፣ ስድብ አያልቅም፤ ሰሚውንም አያስተኛም።

የአያ ከርከሮ ጠባቂ እመት ጦጢት ነበረች። ከወጣትነቱ ጀምሮ ስትሰድበው ኖራለች።

«አንተ ኪንታሮታም! ጅራትህን እንደ ባንዲራ የምትሰቅለው የት ዘምተህ ነው?»

«አንቺ መቀመጫሽ የተላጠ!» ይላል ከጉድጓዱ፣ አፉ አሸዋ እንደሞላ። «የሰው በቆሎ ስትሰርቂ ያረጀሽ!»

«እናትህ አንተን ስትወልድ ልጅ መሰልካት ወይስ ጉቶ?»

«ጉቶ ብሆንማ ተቀምጠሽብኝ ትውዪ ነበር፣ ሰነፍ!»

እንዲህ እየተባባሉ ሁለቱም አረጁ። በዚያ ቆላ ማርጀት ቀላል ነገር አልነበረም።

ራት የቀረበት አንበሳ ግን ከሳ። ጅብን ጠርቶ «እነዚህ ቆፋሪዎች ምን ነክቷቸው ነው?» አለው። ጅብ ማንም በማያውቀው አገር ቁርበት ተነጥፎለት፣ ብዙ ተምሮ የመጣ ነው ይባል ነበር። ትንሽ አሰበና «ፍቅር የላቸውም፣ ጌታዬ» ሲል መለሰ።

ጉባኤ ተጠራ።

«ወገኖቼ፣» አለ ጅብ፣ «ስንሰማችሁ እናፍራለን። ቀኑን ሙሉ ስድብ! የሚሰዳደብ ቡድን እንዴት አድርጎ ሥራ ይሠራል? ጠባቂ ማቆምስ አለመተማመን አይደለም? እኔ በተማርኩበት አገር ባልደረባ ባልደረባውን ያመሰግናል። አባቶቻችንም ቢሆኑ፣ ድር ቢያብር...» ብሎ ጀመረና ወደ ዙፋኑ አየት አደረገ። «...ድር ቢያብር እጅግ ያምራል ብለዋል።»

አንበሳ ራሱን ነቀነቀ።

ከርከሮ ተነሣ። «አያ ጅቦ...»

«ክቡር አማካሪ በል።»

«ክቡር አማካሪ፣ እኔ ስሰደብ ቅር ብሎኝ አያውቅም። የምፈራው ዝም ስባል ነው።»

ሳቅ ሆነ። ጅብም ሳቀ፤ እሱ ሲስቅ ሌላው ሳቁን አቆመ።

ከዚያ ሚዳቋ ተነሣች። ገና ለጋ ናት፤ የታችኛውን ጉድጓድ ለሚቆፍረው ለድኩላ ጠባቂ ነበረች። «እኔን ግን ያመኛል» አለች። «ድኩላ እግረ ስንጥር ብሎኝ እንቅልፍ አጥቻለሁ። መልካም ቃል ብንለዋወጥ ምን ይጎዳናል?»

ይህን ያለችው ከልቧ ነበር፤ ጦጢትን ያስፈራትም ይኸው ነው። ለአስመሳይ መልስ አታጣም፤ ለቅን ግን መልስ አልነበራትም። ቢሆንም እጇን አወጣች።

«ክቡር አማካሪ፣ ስድቡ የሚቆምበት ጊዜ ነበረው። ምስጋናው የሚቆመው መቼ ነው?»

«ምስጋና ለምን ይቆማል?» አለ ጅብ ተገርሞ። «ጌታችን ሲመጡማ ጭራሽ ከፍ ይላል እንጂ!»

ጦጢት ተቀመጠች። ሌላ የምትጠይቀው አልነበራትም።

አዋጁ በዚያው ወጣ። ጠባቂዎች ከዛፍና ከጉብታ ወርደው በተራ የሚቆፈረውን አንድ ጉድጓድ ከበው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ቆፋሪውን በአንድ ድምፅ ያመሰግናሉ። አውራጁ ጅብ ነው። የሚዘምርን አንበሳ አይነካውም። ዝማሬውን ያቋረጠ ግን አንድነት በታኝ ነውና እንደ ራት ይቆጠራል።

ብዙም ሳይቆይ ድኩላ ጠፋ። የታችኛው ጉድጓድ አፍ ላይ አንድ ቀንዱ ወድቆ ተገኘ። ጅብ «ባልደረባችን በገዛ ፈቃዱ ቡድኑን ለቋል» ብሎ አስታወቀና ለስንብቱ አዘመረ። አንበሳ ጠግቦ ጥላ ሥር ተጋድሟል። ሁሉም ያንን ያያል፤ እንዳየም እንዳይታወቅበት ዓይኑን ይሰብራል። ሚዳቋ ድኩላ የጠፋ ዕለት ዝማሬዋን አላጓደለችም ነበር፤ አሁን ግን ሣር ስታመነዥክ እንኳ ትንቀጠቀጣለች። ማን ምን እንዳየ፣ ማን ለማን እንደሚናገር የሚያውቅ አልነበረም። ፍቅር ከታወጀ ወዲህ ጎን ለጎን የሚተኛ ጠፋ።

ተራው የከርከሮ ሆነ።

«አትግባ» አለችው ጦጢት፣ ሌላ ሰሚ አለመኖሩን አይታ።

«ልጆቼ ምን ይጠጡ?»

«እንግዲያው ሲመጣ እኔ ዝም እላለሁ። ያኔ ሩጥ።»

«በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ያንቺን ዝምታ በምን ልለየው? ደግሞ አንቺ ስታመሰግኚ ሰምቼ አላውቅም። ድምፅሽ ራሱ ይጠፋብኛል።»

እጇን ጅራቱ ላይ አሳረፈች።

«እስቲ ይሁን፣» አለ አሸዋውን እየጫረ፣ «ምስጋና እንዴት እንደሚጥም ልቅመሰው።» አንገቱን ቀበረ። ጅራቱ ብቻ ቀጥ ብሎ ቀረ።

«ታታሪው ወንድማችን!» ብሎ ጅብ አወረደ።

«ታታሪው ወንድማችን! የቡድናችን ምሰሶ!» ብለው ተቀበሉ።

ጦጢትም ተቀበለች፤ ዓይኗ ግን ማዶ ካለው ቁጥቋጦ ላይ ነበር። ቅጠሉ ተላወሰ። አንበሳው ሆዱን መሬት ለመሬት እየጎተተ ወጣ። ጅብ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ዝማሬውም አብሮት ከፍ አለ።

አፏን ዘጋች።

ምንም የተለወጠ ነገር አልነበረም። ዝማሬው እሷ መጀመሪያውኑ ያልነበረችበት ይመስል ቀጠለ። የከርከሮ ጅራት እንደቆመ ነው። ጅብ እየዘመረ አያትና ዓይኑን አጠበበ። ከዚህ በኋላ ለእሷም መመለሻ አልነበራትም።

አጠገቧ የቆመችው ሚዳቋ ቀና አለች። የጦጢትን የተዘጋ አፍ አየች፤ አንበሳውን አየች፤ የቆመውን ጅራት አየች። እሷም ዝም አለች። ቀጥሎ ጥንቸል ዝም አለ። ከዚያ ቆቅ። እርስ በርሳቸው አልተያዩም፤ አንዱ ሌላውን ያምናል ማለትም አልነበረም። ዝማሬው ግን እንደሚተረተር ጨርቅ እየሳሳ ሄደ፤ በመጨረሻ አንድ ድምፅ ብቻ ቀረ።

«የቡድናችን ምሰሶ!» ይላል ጅብ ብቻውን።

ከርከሮ፣ ጅብ ብቻውን ሲያመሰግነው ሲሰማ፣ ሌላ ማስጠንቀቂያ አላስፈለገውም። አሸዋውን በትኖ ወጣ። የአንበሳው ጥፍር ከጭኑ ቆዳ ገፈፈ፤ እሱ ግን እየደማ ጥሻው ውስጥ ገባ።

«ዝም ያለው ማን ነው?» ብሎ አንበሳ አገሣ።

የሚመልስ አልነበረም። ዝም ያለው አንድ ብቻ ቢሆን ይበላው ነበር። ሁሉንም ከበላ ግን ማን ይቆፍርለታል? አንበሳው ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ አየ። አሸዋው ረጥቧል እንጂ ውሃው ገና አልወጣም። ርቦታል፤ ጠምቶታልም። ዞረና ጅብን ከእግር እስከ ራሱ አየው።

«መዳፍህ ደህና ነው። ግባ።»

«እኔ፣ ጌታዬ?»

«የቡድኑ አባል አይደለህም?»

ጅብ ገባ። አንበሳ ከኋላው ተጋደመና «በሉ አመስግኑት» አለ።

«ታታሪው ወንድማችን! የቡድናችን ምሰሶ!»

እንዲህ ያለ የተስማማ ዝማሬ በዚያ ቆላ ተሰምቶ አያውቅም። ጅብ ጥቂት ቆፈረና አንገቱን ሊያወጣ ቃጣው።

«አትዙር፣» አለ አንበሳ ከጀርባው፣ «አለመተማመን ነው።»

ጅብ አንገቱን መልሶ ቀበረ። ዝማሬው ቀጠለ። ጆሮው ወዲያና ወዲህ ይዞራል፤ የሚሰማው ግን ያው አንድ ዓይነት ምስጋና ነበር። ቆይቶ ከጉድጓዱ ውስጥ የታፈነ ድምፅ መጣ።

«እመት ጦጢት... ኧረ በፈጠረሽ! አንዴ ስደቢኝ!»

ሚዳቋ ጦጢትን አየቻት። ጦጢት ጥፍሩን ያወጣውን የአንበሳውን መዳፍ አየች።

«ክቡር አማካሪ፣» አለች በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጀርባዎ እንዴት ያምራል!»

«እንዴት ያምራል!» ብለው ሁሉም ተቀበሉ።