ጃርትና ሦስቱ እሺዎቿ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይጠጋ፣ ወሬ ያለው ወሬውን ለነገ ያቆየው።

ድሮ ድሮ፣ ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ አንዲት ጃርት ነበረች። በአዘቦት ቀን ሥራሥር ስትቆፍር ትውላለች፤ እሑድ እሑድ ግን በአሮጌ ኮምፒውተሯ ጌም ትሠራለች። ማንም አላዘዛትም፤ ደስ ስለሚላት ነው። ጌሙ ዝናብ ሳይመጣ እህል ጎተራ የሚያስገቡበት ነው። "ለእንቁጣጣሽ ሁላችሁም ትጫወቱታላችሁ" ብላ ለሰፈሩ እንስሳት ቃል ገባች። በዓሉ አራት እሑድ ሲቀረው ጌሙ አለቀ።

ይኼኔ ኮምፒውተሩ "የተሠራው በእኔ፣ የሚወጣውም በእኔ!" አላት።

"እሺ" አለች።

ስልኳ ሰማ። "እኔስ? ከጉያሽ የማልለየው?"

"እሺ" አለች።

የቤቷ ቴሌቪዥን ጉሮሮውን ጠረገ። "በትልቅ መስኮት ካልታየ ምኑን ጌም ሆነ!"

"እሺ" አለች። ይሉኝታ ክፉ ነው፤ ፈጣሪ ለጃርት እሾህ ሰጥቶ እምቢ ማለትን ነፈጋት።

በመጀመሪያው እሑድ፣ በስልክ ለጣት እንዲመቹ ቁልፎቹን አተለቀች፤ ኮምፒውተሩ ላይ ጎተራውን ሸፈኑት። በሁለተኛው ለቴሌቪዥኑ ብላ ሥዕሉን አሳመረች፤ ስልኩ ከብዶት ጋለና ጠፋ። በሦስተኛው ኮምፒውተሩን ስታስተካክል ቴሌቪዥኑ ጨለመ። አንድ እሑድ ብቻ ቀራት። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ጎረቤቷ እማማ ኤሊ ለቅሶውን ሰምተው መጡ። "ምን ሆንሽ ልጄ?"

"ለሦስቱም እሺ ብዬ ለአንዱም አልደረስኩ፣ እማማ።"

"ሰፈርተኛው የሚጫወተው በምንድን ነው?"

"እሱን አልጠየቅኩም።"

"አየሽ፣ የለመኑሽ ዕቃዎቹ ናቸው፤ የምንጫወተው ግን እኛ ነን።"

ጃርት ቤት ለቤት ዞረች። ጦጣ ስልክ አላት። ጅብ ስልክ አለው። አህያም ስልክ አላት፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ። ቴሌቪዥን ከእሷ ሌላ ያለው አያ አንበሶ ብቻ ነው፤ ኮምፒውተርማ ከእሷ በቀር ማንም የለውም።

ተመልሳ ሁለቱን "ይቅርታ፣ ዘንድሮ አልችልም" አለቻቸው። ኮምፒውተሩ አኮረፈ፤ ቴሌቪዥኑ ተሳደበ። በመጨረሻው እሑድ ለስልክ ብቻ ሠራች። በአህያዋ ስንጥቅ ስልክ ሳይቀር ሞከረችው፤ ሠራ።

በእንቁጣጣሽ ጌሙ ከስልክ ወደ ስልክ በብሉቱዝ እየተላለፈ ሰፈሩን አዳረሰ፤ ስልክ የሌለውም ባለው ስልክ ለመጫወት ወረፋ ያዘ። አያ አንበሶም መጣ። "የኔ ቴሌቪዥንስ?"

የጃርት እሾህ ቆመ።

"ለእሱ አልሠራሁም ጌታዬ። ያለኝ እሑድ ብቻ ነው፤ አልበቃኝም።"

አያ አንበሶ አሰበ፣ አሰበና፣ "እንግዲያው ወረፋው ከማን ቀጥሎ ነው?" አለ።

"ከዶሮ" አሉት።

ሄዶ ከዶሮ ኋላ ቆመ።

ተረቴ እዚህ አረፈች፣ ምክሯ ከእናንተ ጋር ትደር፦ ለሁሉ እሺ ያለ፣ ለማንም አይደርስም።