የአምናው ችግኝ

ተረቴን ጫንኩ፣ መንገድ ልቀቁልኝ።

በአንድ ጫካ የማገዶ ጭስ በዛና አውሬው ሁሉ ማሳል ጀመረ። ንጉሡ አንበሳ፣ "ዛፍ እንተክላለን፤ ማንም ወደ ኋላ አይቀርም" ብሎ አወጀ። ችግኙንም፣ የድንኳኑን ወንበርም፣ የግብዣው ሥጋ የሚጠበስበትን እንጨትም ተሸክማ ያመጣችው አህያ ነበረች።

ተከላው እንዳለቀ አህያ ወደ ድንኳኑ ጠጋ ብላ፣ "ንጉሥ ሆይ፣ ወንዙ ቅርብ ነው። ከነገ ጀምሮ ውሃ እየቀዳሁ ላጠጣቸው?" አለች።

ዝግጅቱን የምትመራው ጦጢት ቀደም ብላ መለሰች። "ማጠጣት ፕሮግራሙ ውስጥ የለም። ሐሳብ ካለሽ ደግሞ በተወካይሽ በኩል አቅርቢ። አያ ጅቦ በስምሽ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጦልሻል።"

አህያ ቀና ስትል ጅብ ከወንበሩ ሆኖ ፈገግ አለላት። የውሃውን ነገር ዳግም አላነሳችም።

በዓመቱ ለአዲስ ተከላ ሲሰበሰቡ የአምናው ችግኝ ሁሉ ደርቆ ተገኘ። ለአዲሱ ቦታ እንዲለቅ ተነቀለና በአህያ ጀርባ ተጭኖ ለጥብሱ ማገዶ ሆነ።

አንበሳ እሳቱ ሲንቦገቦግ አይቶ፣ "አያችሁ፣ የአምናው ልፋታችን ለዘንድሮ ደረሰልን" አለ።

አውሬው ሁሉ እያሳለ አጨበጨበ።

ተረቴን እዚህ አራገፍኩ።