አያ ጉማሬና ከላይኛው ወንዝ የመጣው ዓሣ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ትልልቆቹም ጆሯችሁን አትንፈጉኝ። ድሮ ድሮ፣ የውኃ አራዊት እንደ ሰው በሚያወጉበት ዘመን፣ ስሙ በተረሳ አገር አንድ ሐይቅ ነበር። በዳሩ አያ ጉማሬ የሚባል ሽማግሌ ይኖር ነበር። እንግዳ ፍጥረት በመጣ ቁጥር «ይህ ማነው?» ተብሎ የሚጠየቀው እሱ ነው። እሱ ከተናገረ ነገር አለቀ፤ «አያ ጉማሬ አወቀው» ይባልና ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል።

አንድ ክረምት ወደ ሐይቁ የሚገባው ወንዝ ሞልቶ ሲወርድ ማንም አይቶት የማያውቅ ዓሣ ይዞ መጣ። ሰውነቱ እንደ ዱላ ረዥም፣ አረንጓዴ ሆኖ ነጣ ያለ ነጠብጣብ ያለበት፣ አፉ እንደ ዳክዬ ጠፍጣፋ ነው። በሐይቁ ዳር ካለው ቄጠማ ውስጥ ገብቶ ቆመ።

የሐይቁ ዓሦች ተሰበሰቡ። እመት ቆሮሶም መጣች። አዲስ የተፈለፈሉ ልጆቿን፣ እንደ ዘመዶቿ ወግ፣ በአፏ ይዛ ነበር የምትዞረው። ስትናገር እንኳ እንዳያመልጧት ከንፈሯን በጥቂቱ ብቻ ትከፍታለች።

አያ ጉማሬ እንግዳውን አየ፣ ደግሞ አየ። አላወቀውም። ግን ሁሉም ዓይን ዓይኑን ያዩታል፤ «አላውቅም» ማለት አሳፈረው።

«ይኼማ የአምባዛ ዘመድ ነው። ጭቃና ቅጠል ነው የሚበላው» አለ።

«ታዲያ ለምን እንደኛ ጢም የለውም?» አለ አምባዛ።

«ልጅ ነው፤ ገና አልበቀለለትም።»

«የጀርባው ክንፍስ ለምን ወደ ጭራው ሸሸ?» አለች እመት ቆሮሶ።

«ጎርፉ ገፍቶት ነዋ።»

«እስቲ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያሳየን።»

«እንግዳን አፍህን ክፈት ማለት ነውር ነው።»

«አያ ጉማሬ አወቀው» ብለው ተበተኑ።

በማግስቱ እመት ቆሮሶ ልጆቿን ቄጠማው ዳር ለቀቀቻቸው፤ ትንሽ ይጫወቱ ብላ። እንግዳው እንደ ተወረወረ ጦር ወጣ። አፏን ከፍታ «ግቡ፣ ግቡ» ስትል የደረሱላት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

ወደ አያ ጉማሬ ሄዳ ነገረችው።

«ምናልባት የበላቸው አዞ ይሆናል» አለ፤ ቀና ብሎ ግን አላያትም።

እሷ ስትሄድ ወደ ቄጠማው ወረደ። «ለመሆኑ አንተ ማነህ?» አለው እንግዳውን።

«ዓሣ የምበላ ዓሣ ነኝ። አገሬ ላይኛው ወንዝ ነው።»

«ለምን ቀድመህ አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? እርስዎ ስለ እኔ ሲናገሩ እዚሁ ቆሜ ነበር።»

አያ ጉማሬ ከቄጠማው ወጣ። ዓሦቹን ሁሉ ጠራና በፊታቸው፣ «አላወቅሁትም ነበር። አላውቅም ማለት አሳፈረኝና ዋሸኋችሁ። ከቄጠማው ራቁ» አለ።

ማንም አልሰደበውም። እመት ቆሮሶ ብቻ ከንፈሯን በጥቂቱ ከፈት አድርጋ፣ «አያ ጉማሬ፣ አላውቅም ብለውን ቢሆን ኖሮ ልጆቼ ሁሉ አሁንም አፌ ውስጥ ነበሩ» አለችው። የቀሩትን ይዛ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ አያ ጉማሬ ቀን ቀን ውኃ ውስጥ ተደብቆ ይውላል። አፍሮ ነው ይላሉ፤ ጆሮና ዓይኑን ብቻ ብቅ አድርጎ፣ ሰው ሲመጣ እነሱንም ይሰውራቸዋል።

ለዚህ ነው አባቶች፣ «አላውቅም ለማለት ያፈረ፣ የጎረቤቱን ልጅ ላውሬ ቸረ» ያሉት።