እናቱን ከአልጋ ያላወረደው ባለጸጋ

«አንድ ባለጸጋ ሰው ነበረ፤ እናቱን እጅግ ይወዳል» አሉ እማሆይ ወለተ ሐና። ደብሪቱ ጥያቄዋን ገና መጨረሷ ነበር። የወር አበባዋ ከቆመ ወዲህ አጥንቷ እየሳሳ መሆኑን ሐኪም ነግሯታል። ሐኪሙ «ተራመጂ፣ ሸክምም ቀስ በቀስ ልመጂ» ይላል፤ ልጆቿ ደግሞ «እንዳትሰበሪ አርፈሽ ተቀመጪ» ይሏታል። «ማንን ልስማ?» ነው ያለችው።

«እናትየዋ ውሃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትሸከም የኖረች ናት። የመውለጃ ዕድሜዋ ሲያልፍ ልጇ፣ ‹ከእንግዲህ እጅሽን ሥራ ላይ እንዳላይ› አላት። የኛ ሰው ክብር ይኸው ነው፤ የወደደውን ያስቀምጣል። ገረድ እግሯን ታጥባታለች፤ ምግቡም አልጋዋ ድረስ ይመጣላታል። ‹ልጄ፣ እስቲ ጓሮ ወርጄ ጎመኑን እንኳ ልኮትኩት› ስትለው፣ ‹እኔ እያለሁልሽ? ሰው ምን ይለኛል?› ይላል። አገሩም ‹እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን› እያለ መረቀው። ወይ ምርቃት!

«አንድ ክረምት ከላይ አገር ዶፍ ወረደና ወንዙ ሞልቶ ወጣ። ‹ጎርፍ መጣ፣ ሽሹ› ተባለ። እንጨት ለቅማ የምታድር ጎረቤት ነበረቻቸው፤ ዕድሜዋ ከእናትየዋ እኩል ነው። እሷ ነጠላዋን አሸርጣ፣ የልጅ ልጇን አዝላ ዳገቱን ወጣች። ባለጸጋው ወደ እናቱ ሮጠ። ውሃው ቤት ገብቷል። ‹እማዬ፣ ተነሺ› ብሎ እጇን ያዛት። ተነሣች። አልወደቀችም፣ ማንም አልገፋትም፤ የበሩን ደፍ ልትሻገር አንድ እግሯን ስታነሣ ዳሌዋ ቋ ብሎ ተሰበረ።

«አዝሏት ወጣ። ውሃው ወገቡ ደርሷል፤ እሷ በየእርምጃው ‹አውርደኝ፣ ልሙት› ትለዋለች። እንደ ምንም ዳገቱ ላይ አደረሳት። ሰዎች ከበዋት ‹ምን ያለው ክፉ ጎርፍ ነው፣ ምስኪኗን ሰበራት› ሲሉ የልጇን ፊት አየችና፣ ‹ጎርፉ አልሰበረኝም ልጄ። የሰበረኝ አልጋው ነው› አለችው። ከዚያ ወዲያ በእግሯ አልሄደችም።»

እማሆይ ወደ ደብሪቱ ዞሩ። «ሰማሽ? ያ ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ያንቺዎቹም አይደሉም። አንቺ ግን ያቺ እናት ነሽ። አጥንት ካልሠሩበት ይሳሳል፤ አንቺ ከደረስሽበት ዕድሜ ወዲያ ደግሞ መሳሳቱ ይፈጥናል። ተነሥተሽ ዝለዪ አላልኩሽም፤ ሐኪሙ ያለሽን ያህል፣ በልክ። ብቻ አትቀመጪ።»

«ብሰበርስ እማሆይ?» አለች ደብሪቱ። «እኔ እፈራለሁ።»

«ፍሪ፤ ማን አትፍሪ አለሽ? እየፈራሽ ሂጂ። ልጅሽ ደጅ ባጃጅ አቁሞ እየጠበቀሽ አይደል? ባጃጁን ያሰናብተውና ከጎንሽ ይራመድ። በይ፣ እጄን አትያዢ። በራስሽ ጉልበት ተነሺ።»