ምሰሶው እንደሚወድቅ ያውቅ ነበር

ወገኖቼ፣ አንድ መሐንዲስ ነበረ። ሞላልኝ እንበለው። ሥራው የአንድ ክልል ከተሞች ኤሌክትሪክ ከየት እንደሚመጣላቸው፣ በየትኛው መስመር እንደሚደርሳቸው ማቀድ ነው። ሌሎች አገሮች ይህን እንዴት እንደሚሠሩት እንዲያጠና ተላከ። ዞረ፣ ጠየቀ፣ ተማረ። በሄደበት ሁሉ የነገሩት አንድ ነገር ነው፦ ከተማን በአንድ መስመር ብቻ አታንጠልጥሉ፤ አንዱ ሲቆረጥ የሚደርስላት ሌላ ይኑራት።

አሁን ስሙኝ። የሞላልኝ የትውልድ ከተማ የተንጠለጠለችው በአንድ መስመር ነው። መስመሩን ገደል አፋፍ ላይ የቆመ የብረት ምሰሶ ይሸከመዋል። መሬቱ በየክረምቱ ይናዳል። ይህን ያውቅ ነበር? አሳምሮ ያውቅ ነበር። ከጎረቤት ወረዳ አጭር መስመር መሳብ እንደሚቻልም ያውቃል።

ታላቅ እህቱ ይመኙሻል ሳንባዋን ታማ እዚያው ከተማ ሆስፒታል ተኝታለች። የምትተነፍሰው በኦክስጅን ማሽን ነው። ደወለችለት።

«ሞልዬ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ትደርሳለች። የናንተ መሥሪያ ቤት ምን ይላል?»

«አይዞሽ እትዬ፣ እያጠናን ነው። የክልሉ ዕቅድ ሁሉም አንድ ላይ ይወጣል።»

«እስከዚያ እኛስ?»

ስብሰባ አለብኝ ብሎ ስልኩን ዘጋው።

አለቃው አጭሩ መስመር ቀድሞ ይሳብ ተብለው ቢጠየቁ እምቢ የሚሉ ሰው አልነበሩም። እሱ ግን አልጠየቀም። ለምን? ቁርጥራጭ ሥራ አቀረበ እንዳይባል። ጥናቱ ሙሉ ሆኖ፣ አምሮ፣ ተጨብጭቦለት እንዲወጣ ፈለገ።

ነሐሴ ላይ መሬቱ ተናደ፤ ምሰሶውን ይዞት ወረደ። የመኪናውንም መንገድ ዘጋው። የሆስፒታሉ ጄኔሬተር ነዳጁ እስኪያልቅ ሠራና ቆመ። ነርሶቹ በእጃቸው አየር እየገፉ ታገሉ፤ እጃቸው ግን ለሁሉም አልበቃም። ይመኙሻል ሞተች። ከጎኗ የተኙትም ሞቱ።

ሞላልኝ ናዳውን በእግሩ አቋርጦ ለቀብር ደረሰ። ድንኳኑ ውስጥ የእህቱ ባል ጋሽ ደምለው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ሞላልኝ፣ ያ ምሰሶ እንደሚወድቅ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ጋሼ።»

አልጮኹም፣ አልረገሙትም። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና ሌላ ቦታ ሄደው ተቀመጡ።

ሁለተኛው መስመር በኋላ ተዘረጋ፤ ያዘረጋው ራሱ ሞላልኝ ነው። ጋሽ ደምለው ግን እስከ ዛሬ አላናገሩትም።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ክፉ ነበር? አልነበረም። ሰነፍ ነበር? ከሥራው ቀና የማይል ሰው ነበር። ያወቀውን ግን አላደረገም።

እናንተስ? እናቱ ሰው ናፍቋት ብቻዋን እንደምትውል የሚያውቅ እዚህ የለም? ወንድሟ መጠጥ እየጨረሰው እንደሆነ የምታውቅ የለችም? ሥራዬ ይስተካከል፣ በዓሉ ይለፍ፣ ልጆቹ ይደጉ ትላላችሁ። የእነርሱ ጉልበት ግን እናንተ እስክትመቻቹ አይቆይም።

አሁን አንድ ሰው ትዝ ብሏችኋል፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። ስብከቴን ሳልጨርስ ተነሥቶ የሚወጣ ቢኖር አልቀየመውም። በሩ ክፍት ነው፤ ሂዱ።